ሰው የሌለበት ክፍል የፈለገው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። አክስቱን ይዞ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው። መንገድ ላይ፣ አውሮፕላን በሚቀይሩበት ከተማ፣ አንድ በር ፊት ቆሟል። በእጁ ካርድ ይዟል።

ምን ዓይነት ካርድ? ከእናንተም መካከል የያዘው አይጠፋም። ባንክ ለተመረጡ ደንበኞቹ የሚሰጠው ክሬዲት ካርድ ነው፤ ጥቁር፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚል። ይህን ካርድ የያዘ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ላውንጅ የሚባለው ልዩ ማረፊያ ይከፈትለታል። ለስላሳ ወንበር አለ፣ ምግብ አለ፣ ከሁሉ በላይ ጸጥታ አለ ይባላል። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ሴት በትልቅ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ልብ በሉ፣ ብቻዋን ናት። እንግዲህ የሚሸጠው ምንድን ነው? ወንበሩ ነው? ወንበርማ ውጭም ሞልቷል። የሚሸጠው የሌላ ሰው አለመኖር ነው።

ሰውየው ምናሴ ይባላል። ጸጥታውን የፈለገው ግን ለድሎት አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ስልክ ተደውሎለታል። አጎቱ በላቸው ሞቷል። ተቀብሯልም። አክስቱ ወይዘሮ አስካለ ግን የወንድማቸውን ሞት አልሰሙም። ሴት ልጃቸው ወልዳ፣ አራስ ሊጠይቁ እርሱ ወደሚኖርበት አገር ሄደው ነበር። በላቸው ደግሞ እንዲሁ ወንድም ብቻ አይደለም። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች፣ እርሱን አዝለው ያሳደጉት ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

የደወሉት የቤተሰቡ ታላቅ፣ ጋሽ ንጉሤ ነበሩ። «ስማ ምናሴ፣ ትንፍሽ እንዳትል! ትንሽ አሞታል በልና ይዘሃት ና። ቤቷ ገብታ ትደር። በማለዳ ተሰብስበን በወጉ እናረዳታለን። አደራ!»

ምናሴ «እሺ» አለ። ልቡ ግን እሺ አላለም። ትልቅ ሰው እንደ ሕጻን ይታለላል እንዴ? ገና ጎህ ሳይቀድ በሩን አንኳኩተው፣ ቤቱን ሞልተው፣ በአንድ ጊዜ ጩኸቱን ሊለቁባት? ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው? ብዙ ዓመት ሌላ አገር ተምሯል፤ እዚያ ክፉ ወሬ የሚነገረው በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ስለዚህ በልቡ ወሰነ። እኔው እነግራታለሁ። ሁለታችን ብቻ። እጇን ይዤ፣ በእርጋታ።

ካርዱን የፈለገው ለዚህ ነበር።

ትክክል ነበር? ቆዩ፣ አትፍረዱ። እኔም ገና አልፈረድኩም።

በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ረጅም ሰልፍ፤ ጥግ ታጥፎ የሚሄድ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊታደለው ነው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ማረፊያ ነው፣ እቴቴ። ልዩ ማረፊያ።»

«ማረፊያማ ያውልህ!» ወደ ኋላቸው አመለከቱ። በአዳራሹ ውስጥ ረድፍ ሙሉ ወንበር ባዶውን ተዘርግቷል።

«ይሄኛው ጸጥ ያለ ነው።»

«ያኛው መቼ ጮኸ?»

ምናሴ ሻንጣውን አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋ። ፊት ለፊታቸው አንድ ሰውዬ ካርዱን እያውለበለበ ከአስተናጋጇ ጋር ይሟገታል። «እኔ እኮ ልዩ ደንበኛ ነኝ!» ይላል። ልጅቷ ደክሟታል። «ጌታዬ፣ እዚህ የቆመው ሁሉ ልዩ ነው። ሰው ሲወጣ ሰው እናስገባለን» አለችው። ሰውየው ዞር ብሎ ሰልፉን አየ። በእያንዳንዱ እጅ ያው ጥቁር ካርድ አለ። ካርዱን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

ምን ተሰምቶት ይሆን? ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከብዙ ሰው መሃል ተመርጠሃል የተባለ ሰው፣ ከተመረጡት ብዙዎች ጋር ሲገናኝ ምን ይላል?

በመጨረሻ ገቡ። ውስጡ ከውጩ ይብሳል። ሰው ከሰው ተጣብቆ ተቀምጧል። ቦታ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሕጻናት ጠረጴዛ ሥር ገብተዋል። ያም ሆኖ ሰው ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች አሉ፤ ቦርሳ ተቀምጦባቸዋል።

ምናሴ አንዱን አየና ወደ ባለቤቱ ተጠጋ። ጎልማሳ ነው፤ ጠይም፣ ጺሙን የተላጨ። ምናሴ አንድ ጊዜ ሲያየው አወቀው። ስሙን አይደለም፤ ያገሩ ልጅ መሆኑን። ሰውየውም ቀና ሲል አወቀው። ታዲያ ምን ተባባሉ? ምናሴ በእንግሊዝኛ «ይህ ወንበር ሰው አለው?» አለ። ሰውየውም በእንግሊዝኛ «ተይዟል» ብሎ መለሰና ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ሳቃችሁ አይደል? ለምን ሳቃችሁ? ስለምታውቁት ነዋ። በአማርኛ ከጀመርን እኮ አያበቃም። ጤና ይስጥልኝ ይመጣል፣ ከወዴት ነህ ይመጣል፣ እናቴ ይቀመጡ ይመጣል። በባዕድ ቋንቋ ግን «ተይዟል» ብሎ መገላገል ይቻላል።

«ምኔ» አሉ አክስቱ፣ «ሰውዬው አበሻ መሰለኝ።»

«አይደለም፣ እቴቴ።»

«በአቀማመጡ አወቅኩት እኮ! ልጠይቀው?»

«ኧረ ተይ በናትሽ!»

በግድግዳው ጥግ የራሱን ሻንጣ አጋድሞ አስቀመጣቸው። እርሱም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ዙሪያውን ተመለከተ። እዚህ ውስጥ መናገር አይሆንም። በቃ፣ ጋሽ ንጉሤ እንዳሉት ይሁን። ይህን ሲወስን ትከሻው ላይ የነበረ ነገር ወረደለት። ለካ ሰውየው የተጨናነቀ ክፍል ሲያገኝ ደስ ብሎት ኖሯል! ጸጥታ ቢያገኝ ኖሮስ ይነግራቸው ነበር? እርሱም አያውቅም።

ወይዘሮ አስካለ ግን ክፍሉን በሰፊው እያዩ ነው። አዲስ ነገር ይወዳሉ። ሰዉ ሁሉ ግድግዳውን ተከትሎ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይበላል። የሚጫወት የለም፣ የሚስቅ የለም። አክስቲቱ ፈገግ አሉ። ወደ ምናሴ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ይሄማ ለቅሶ ቤት ነው! ማን ሞቶባቸው ነው?» አሉት።

መሳቅ ነበረበት። ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁ አልመጣም።

አክስቱ ፊቱን አዩት። በላቸውን ትንሽ አሞታል ተብለዋል፤ በዚያ ሰሞን ስልክ ሲደውሉለትም አይነሳም፤ «ኔትወርክ የለም» ይባላሉ። ፈገግታቸው ከከንፈራቸው ሳይወርድ ዓይናቸው ተለወጠ።

«ምናሴ» አሉ። ምኔ አላሉትም። «ማነው?»

«በላቸው» አለ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። «ወይኔ ልጄን! ወንድሜን! በላቸውዬ!» ከሻንጣው ወደ መሬት ወረዱ። ደረታቸውን ይመታሉ።

ወገኖቼ፣ እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሁሉም ተነሣ ብዬ አልዋሻችሁም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መልሶ የሰካ ነበር። ልጆቹን ይዞ የወጣ ነበር። አስተናጋጇም ድምፅ እንዲቀንሱ ልትጠይቅ ሮጣ መጥታ፣ ስትደርስ እዚያው ቆመች። ነገር ግን ያ «ተይዟል» ያለው ጎልማሳ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ። ቦርሳው ወደቀ፤ አላነሣውም።

«እናቴ! እናቴ፣ ምን ሆነው ነው? ማነው የሞተው?» በአማርኛ። በጥርት ያለ አማርኛ።

«ወንድሜ! ያሳደግኩት ወንድሜ!»

«ኧረ እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ተንበርክኮ ደረታቸውን እንዳይመቱ ሁለት እጃቸውን ያዘ። ስማቸውን አያውቅም፣ በላቸውን አያውቅም፤ ግን ያለቅሳል። አንዲት ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠችና መዳፏን በጀርባቸው ላይ አሳረፈች፤ በማያውቁት ቋንቋ ቀስ እያለች አንድ ነገር ትላለች። አንድ ግዙፍ ራሰ በራ ሰው የራሱን ወንበር ከሰው አናት በላይ አንሥቶ አመጣ። ውኃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ደረሰ። ሰዉ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አለ። ቦታ የለም በተባለበት ክፍል መካከል ቦታ ተገኘ። ግድግዳው መቼም አልሰፋ። ታዲያ ቦታው ከየት መጣ?

ጩኸቱ ሲበርድ ወይዘሮ አስካለ ምናሴን ፈለጉት። ከከበቧቸው ሰዎች ውጭ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«አውሮፕላን ላይ ስስቅ፣ ስለ እርሱ ሳወራህ፣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እቴቴ።»

እርግማን ጠበቀ። ቢመቱትም ደስ ባለው። እርሳቸው ግን አንገቱን ይዘው ወደ ትከሻቸው ሳቡት። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ብቻህን ተሸክመኸው?»

ያን ጊዜ ምናሴ አለቀሰ። በላቸው እኮ የእርሱም አጎት ነበር። ስልኩ ከተደወለበት ቀን ጀምሮ እንዴት እንደሚነግር እንጂ፣ እርሱም ሐዘንተኛ መሆኑን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበም። ጎልማሳው ሰው አቅፎት አብሮት ቆመ።

ጋሽ ንጉሤ አደራዬን በላህ ብለው ለቅሶው እስኪያልፍ አላናገሩትም። ልክ ናቸው? እኔ እንጃ። ቃሉን መጠበቅ ነበረበት የሚል ካለ አልከራከረውም። እኔን ይዞ የማይለቀኝ ሌላ ነው። ሰውየው በፍቅር ተነሣስቶ ነው፣ ሐዘንን ሰው ወደሌለበት ቦታ ይዞ ሊገባ የፈለገው። ስንቶቻችን እንዲሁ እናደርጋለን? ሕመማችንን በር ዘግተን፣ ኪሳራችንን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ የልጃችንን ነገር ማንም ሳይሰማ። እንዳንረበሽም እንዳናስቸግርም ብለን ጥግ እንይዛለን። ያች በመስኮቱ አጠገብ ብቻዋን የተቀመጠችው ሴት መርዶ ቢመጣባት፣ እጇን ማን ይይዝላታል?

እናንተም ዛሬ ተጣብባችሁ ነው የተቀመጣችሁት። አየሁ፤ ስትገቡ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን አጥቁራችኋል። ዛሬ ደግሞ ምን ጉድ ነው፣ ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ ብላችኋል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ይህን ሳምንት አንድ ነገር ታቅፎ የገባ አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ከእኔ ይልቅ ለእርሱ ቅርቡ እናንተ ናችሁ፤ ትከሻችሁ ትከሻውን ነክቶታል።

እንግዲህ ዞር በሉና እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ በሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላችኋል፤ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ፊታችሁን ቶሎ አትመልሱ። ትንሽ ቆዩ። አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ።

ጠይቁ። እኔ እጠብቃለሁ።