እጅ የሌላቸው አሥራ ሁለት ቀናት

በጣና ዳር ያሉ ሰዎች፣ ሥራውን ከመሐሉ ጀምሮ የሚጣደፍ ሰው ሲያዩ የሚሉት አንድ አባባል አለ። በሌላም አገር ይባላል፤ የትም ብትሄድ የእኛ ነው የሚል አይጠፋም። የጣናዎቹ ግን ከጌሾ ጭነት ጋር የመጣ ነው ይላሉ። የሚያወሩትም እንዲህ ነው።

ልየው የሚባል ሰው ነበር። የተወለደው በሐይቁ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ደሴቶች በአንዷ ነው። ደሴቷ ጌሾ እንጂ እህል አታበቅልም። አሥራ አራት ቤት ሰው ይኖርባት ነበር። እያንዳንዱ ቤት ጌሾውን ለቅሞና አድርቆ በየታንኳው ወደ የብስ ያሻግራል፤ ዳር ላይ ቁጭ ብለው ለሚጠብቁ አትራፊዎች እነሱ ባሉት ዋጋ ይሰጣል። በዚያ የሸመተው እህል ክረምቱን ማሻገር አለበት። ብዙ ጊዜ አያሻግርም ነበር።

ልየው ከዚህ ኑሮ ሸሽቶ ነጋድራስ ወርቅአየሁ ከሚባሉ የሲራራ ነጋዴ ዘንድ ገባ። ስድስት ዓመት ጫነ፣ አራገፈ። በሰባተኛው ዓመት ነጋድራስ አጠገባቸው አስቀምጠው ዋናውን ሥራ ያስተምሩት ጀመር። መግዛትና መሸጥ ዋናው ሥራ አይደለም ይሉ ነበር፤ እሱንማ ማንም ያውቀዋል። ዋናው ብዙ ሰው፣ ብዙ ከብትና ብዙ ቀን አስተባብሮ፣ ዕቃውን በተባለው ቀን ከተባለው ቦታ ማድረስ ነው። መሬት ላይ ጠጠር ይደረድሩለታል። የመጨረሻው ጠጠር የገበያው ቀን ነው፤ ቆጠራው ከእሱ ወደ ኋላ ነው።

«በያንዳንዱ ጠጠር ላይ የማን እጅ እንደሚሠራ ጠይቅ» አሉት። «እጅ የሌለው ጠጠር ካገኘህ አውጣው። በቅሎ ቆማም ትበላለች።»

ልየው ይህን ትምህርት እንደ ዳዊት ያዘው። ሌሎች ነጋዴዎች ገና ወንዝ ዳር ጭነት ሲያስተካክሉ የነጋድራስ በቅሎዎች ገበያ ሲገቡ ደጋግሞ አይቷል። እውነት መሆኑን በዓይኑ አይቶ ያመነው ነገር ነውና ማንም ሊያስለውጠው አይችልም ነበር።

አንድ ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ለነጋድራስ ያሰበውን ነገራቸው። የደሴቷ ጌሾ በሙሉ በአንድ ላይ ይጫን፤ ዳር ያሉትን አትራፊዎች አልፎ ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ትልቁ ገበያ ይግባ። አገሩ በሙሉ ለፋሲካ የሚጠምቀውን የሚገዛው ያን ቀን ነው። ነጋድራስ ሰምተው ሲያበቁ፣ ይህን አንድ ጭነት ያለ እኔ አግባ፣ ካገባህ ጉዞውን ሁሉ ከእንግዲህ አንተ ትመራዋለህ አሉት።

ልየው ወደ ደሴቷ ተሻገረ። ሰዉን ማሳመን ከጠበቀው በላይ ቀን ፈጀበት። አንዱ እሺ ሲል ሌላው ያፈገፍጋል። የመጨረሻዋ የገዛ እኅቱ ደብሬ ነበረች። ባሏ ይርዳው ገና ሳይለመን ተስማምቷል፤ እሷ ግን ወንድሟን ደጅ ድረስ ሸኝታ፣ «ልየው፣ ጌሾ እወስዳለሁ ስትል ክረምታችንን ነው የምትወስደው። እወቀው» አለችው። አውቃለሁ አላት።

ከዚያ ወደ ታንኳ ሠሪው ወደ አያ ሽባባው ሄደ። በዚያ ዳር ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ሸምበቆ፣ ደንገልን፣ እንደ ሽባባው የሚያስር ሰው አልነበረም። የሰዉ ታንኳዎች ትንንሽ ናቸው፤ ይህን ጭነት የሚችሉ አራት ትልልቅ አዲስ ታንኳዎች ያስፈልጋሉ። ልየው ጠጠር ሰብስቦ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ለገበያው አሥር ቀን ቀርቶታል።

ሽባባው ሥራውን አንድ በአንድ ሲቆጥሩለት፣ እሱ ለየቀኑ አንድ ጠጠር ይደረድራል። ደንገሉ ሁለት ቀን ይታጨዳል። አሥራ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አራት ቀን ይታሰራል። ከዚያ መጫን አንድ ቀን፣ ሐይቁን ማቋረጥ ሁለት፣ ከዳር እስከ ገበያው በአህያ አንድ።

«በነዚህ አሥራ ሁለት ቀናት የሚሠራው ማነው?» አለ ልየው።

«ማንም። እንቀመጣለን።»

ልየው አሥራ ሁለቱን ጠጠሮች አንድ ላይ ዘግኖ ወደ ውሃው ወረወራቸው። የቀሩትን ቆጠረ፤ ልክ አሥር ሆኑ። ደስ አለው።

ሽባባው ቶሎ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ጠጠሮቹ የወደቁበትን ውሃ እያዩ፣ «ደንገል ሲደርቅ ይከሳል። ርጥብ ሆኖ ሲታሰር የጠበቀው ማሰሪያ ልጥ በኋላ ይላላል» አሉ።

«አያ ሽባባው፣ የምንሄደው ውሃ ላይ ነው። ውሃ ላይ የሚደርቅ ነገር የት አይተው ያውቃሉ?»

«ከላይ ያለው ይደርቃል። ከታች ያለው በጭነቱ ይጨመቃል።»

ልየው ያን ጊዜ ከዚያስ ምን ይሆናል ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይነግሩት ነበር። አልጠየቀም። ይልቅስ የወዲያኛው ዳር ታንኳ ሠሪ ሳላደርቅ በአራት ቀን አስሬ እሰጣለሁ ብሎኛል፣ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ሥራውን ለእሱ እሰጠው ነበር አላቸው። ውሸቱን ነው። የወዲያኛውን ዳር ሠሪ በዓይኑም አላየው። ሽባባው ይህን ሲሰሙ ማጭዳቸውን አንስተው ወደ ደንገሉ ገቡ።

ታንኳዎቹ በአራት ቀን ታሰሩ። ረቡዕ ጠዋት ሲነሡ ሰዉ ሁሉ ዳር ወጥቶ ሸኛቸው። አቁማዳዎቹ እንደ ክምር ተቆልለው ነበር። የመጀመሪያው ቀን አማረ። ቀዛፊዎቹ በየታንኳው ሁለት ሁለት ሆነው እየዘፈኑ ነበር የሚቀዝፉት። ከቀዛፊዎቹ አንዱ የሆነው ይርዳው ከኋላ ባለችው ታንኳ ላይ ሆኖ፣ ጌታው፣ ነጋድራስ ስትሆን እኔን በር ላይ አታስቆመኝ እያለ ያሾፍበታል። ልየውም ከልቡ ይስቃል።

በማግስቱ ፀሐዩ በረታ። ረፋድ ላይ ይርዳው ልጡን ሲነካ ጣቱ ከሥሩ ገባ። ቆይቶ ሲነካው ሙሉ እጁ ገባ። መቅዘፉን ትቶ ወደ ልየው ጮክ ብሎ ተጣራ፤ ዳሩ ቅርብ ነው፣ እንጠጋና አራግፈን እናጥብቀው አለ። ልየው ዳሩን አየ። ቀኑንም አየ። ተጠግቶ፣ አራግፎ፣ አጥብቆ፣ እንደገና መጫን ግማሽ ቀን ይበላል። ግማሽ ቀን ደግሞ ከጠጠሮቹ መሐል አልነበረም።

«እየሄዳችሁ አጥብቁት» አለ።

ይርዳው ታዘዘ። ለማጥበቅ መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ቋጠሮውን ፈትቶ ልጡን ሊስብ ሲል ነፋስ መጣ። ትልቅ ነፋስ አልነበረም፤ በየቀኑ በዚያ ሰዓት የሚመጣው ነው። የይርዳው ታንኳ ከወገቧ ተከፈተች፤ ደንገሉ በየእስሩ ተበተነ፤ አቁማዳዎቹ ውሃው ውስጥ ወረዱ። አጠገቧ የነበረችው ሁለተኛዋ ታንኳ ሰዎቹን ለማንሣት ስትዞር እሷም ተከፈተች። ሦስተኛዋ ሰዎቹን ለመጫን ጌሾውን መጣል ግድ ሆነባት። ሰው አልሞተም። አቁማዳዎቹ አፋቸው ተፈቶ፣ የጌሾው ቅጠል ሐይቁ ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ቀረ።

አራተኛዋ ታንኳ በዝግታ ዳር ዳሩን ሄዳ እሑድ ደረሰች። ገበያው ተበትኗል። ጌሾዋም ረጥቦ ጠቁሯል። የዳሩ ዓሣ አጥማጆች፣ ዘንድሮ ለፋሲካ የሚጠምቀው ጉማሬ ነው እያሉ ሳቁ። ልየውም አብሯቸው ፈገግ አለ፤ ለምን ፈገግ እንዳለ ዕድሜውን በሙሉ አልገባውም።

ነጋድራስ አልተቆጡትም። ጉዞውን ለሌላ ሰው ሰጡ። ሲሰናበታቸው ግን ቀና ብለው ሳያዩት፣ «ያስተማርኩህ የበቅሎ ነው። ደንገል አላውቅም። አላውቅም ብዬ ልነግርህ ይገባኝ ነበር» አሉት።

ያን ክረምት ከአሥራ አራቱ ቤት ስድስቱ ተዘጉ። ደብሬ ወደ የብስ ተሻግራ የሰው ቤት እህል እየፈጨች ከረመች። ልየው ሊያያት ሲሄድ ወፍጮዋን አላቆመችም። ደጅ ላይ ትንሽ ቆሞ ተመለሰ።

መስከረም ላይ የተረፉት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አዲሱ ጌሾ ሳይለቀም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተለይቶ ይታወቅ ተባለ። አንዱ ነፋሱ የእግዜር ቁጣ ነው አለ። ሌላው ቋጠሮውን በገዛ እጁ የፈታው ይርዳው ነው፣ ይካስ አለ። ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ይርዳው መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ቢፈረድበት ጓሮው ያለው የጌሾ ተክል ይወሰዳል፣ ደብሬም የምትመለስበት ቤት አይኖራትም።

ልየው ተነሣ። «እየሄዳችሁ አጥብቁት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ይድረቅ ሲሉኝም እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አያ ሽባባውን የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ካሣው ከእኔ ነው፤ በዚህ ዓመት ባይሞላ በሚመጣው እሠራለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሽባባው ዞሩ። ሽባባው እስከዚያ ድረስ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ልየውንም ይርዳውንም አላዩም።

«ውሸቱን ያን ዕለት አውቄዋለሁ» አሉ። «የወዲያኛው ዳር ሠሪ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ግን ሽባባው አቃተው እንዳይባል ብዬ አሰርኩት። ይርዳውን ተዉት። ነፋሱንም ተዉት፤ ከእኛ በፊትም ይነፍስ ነበር። ልየው ቸኩሎ አዘዘ፣ እኔ ቸኩዬ አሰርኩ፣ እናንተም ቸኩላችሁ ጫናችሁ። ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል በሏቸው።»