የላላችው የብዕር ክዳን

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ መስማት የፈለገ ጠጋ ይበል፣ ማዛጋት ለፈለገ በሩ ክፍት ነው።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ባሻ ወንዳፍራሽ የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ቀለም በሚሞላ ብዕር የሰው አቤቱታ ይጽፋሉ። ብዕሩ መልከ መልካም ነው፤ መልኩንም ያውቃል።

ታዲያ የብዕሩ ክዳን ላላች። ስትላላ አየር ገባ፤ አየር ሲገባ ጫፉ ደረቀ። ባሻ በምላሳቸው እያራሱ ሊጽፉ ሞከሩ፤ ምላሳቸው ሰማያዊ ሆነ እንጂ ብዕሩ አልጻፈም። ቅዳሜ ቀን መስኮቱ ላይ አስቀመጡትና፣

"ሰኞ ጠዋትም ከደረቅህ እስክሪብቶ እገዛለሁ፤ አንተን ቆሻሻ ውስጥ ነው የምጥልህ" ብለውት ሄዱ።

ብዕሩ ክዳኗ ላይ ጮኸባት። "የምታስጥይኝ አንቺ ነሽ። ምነው ጠበቅ ብትዪ?"

"ድሮ ስገጥም ቀጭ እል ነበር" አለች ክዳን። "ለምን እንደላላሁ ግን አላውቅም። እስቲ እንጠይቅ።"

"ምን ይጠየቃል? ዝም ብለሽ ጥበቂ።"

አያ አይጦ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ሰማቸው። "ይሄማ የጥርስ ሥራ ነው" አለና የክዳኗን ከንፈር ወደ ውስጥ ነከሰው። በአንድ በኩል ጠበቀች፤ በሌላው በኩል ተንጋደደች። አየሩ እያፏጨ ገባ።

"ለምን እንደላላሁ አላየህም?" አለችው።

"እኔ ነካሽ ነኝ እንጂ ጠያቂ አይደለሁም" ብሎ ሄደ።

እመት ሸረሪት ከጣሪያው ወረደች። "ይሄማ የክር ሥራ ነው" አለችና የብዕሩን አንገት በድር ጠመጠመችው። ክዳኗ ገጠመች፤ ብዕሩ ደስ አለው። ወዲያው ከውስጥ የቀረው ቀለም ድሩን አራሰው፣ ድሩ ረገበ፣ ክዳኗም መልሳ ላላች።

"ለምን እንደላላሁ አላየሽም?" አለቻት።

"ልጄ፣ እኔ መጠምጠም ነው የማውቀው" ብላ ወደ ጣሪያዋ ተመለሰች።

በሦስተኛው፣ ከጓሮው ቀፎ እመት ንቢት መጣች።

"ሰም ለጥፊባትና ገላግይኝ" አላት ብዕሩ።

"ሰሙስ አለ። ግን አፏን ምን አሰፋው?"

"አርጅታ ነዋ።"

"አብራችሁ አይደል የተሠራችሁት? እሷ ስታረጅ አንተ የት ሄደህ ነበር?"

ንቢት ክዳኗ ውስጥ ገባች፤ ግድግዳውን በእግሯ እየዳበሰች፣ "ልጄ፣ ባሻ ሲጽፉ የት ነው የምትውዪው?" አለች።

"ጭራው ላይ ይሰኩኛል።"

ንቢት ወጣች፤ የብዕሩን አንገት ለካች፣ ጭራውን ለካች። "ቂጥህ ከአንገትህ ይወፍራል" አለችው። "ቀኑን ሙሉ ውስጧ ተወጥረህ እየዋልክ አሰፋሃት።"

"የሚሰኳት ባሻ ናቸው፤ እኔ ምን አደረግሁ?"

"ተመችቶህ ነበር አይደል?"

ብዕሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስትሰካብኝ ረጅም እመስላለሁ" አለ።

አትሳቁ፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ።

"እንግዲያው ስማ" አለች ንቢት። "ከንፈሯን በስሱ ሰም እቀባለሁ። ጭራህ ላይ ከተመለሰች ግን ሰሙ ይገፈፋል። ስለዚህ ጭራህ ላይ የሰም እባጭ አወጣለሁ፤ ክዳን አያስገባም። መልክህ ይበላሻል። ምረጥ።"

ብዕሩ የቆሻሻውን ቅርጫት አየ። ክዳኗን አየ፤ የተነከሰ ከንፈሯንም አየ። "አውጪው" አለ።

ንቢት የተንጋደደውን በሰም ሞላች፣ የሰፋውን አጠበበች፣ እባጩንም አወጣች።

ሰኞ ጠዋት ባሻ ብዕሩን ከፈቱ። የመጀመሪያዋ ፊደል ሳትቆራረጥ ወጣች። ክዳኗን ጭራው ላይ ሊሰኩ ቢሞክሩ አልገባ አለች። "ይሄ ደግሞ ምን አበቀለ?" ብለው ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጧት።

ክዳን እስከዚያ ቀን የምታየው የባሻን ጢም ብቻ ነበር። አሁን ወረቀቱን አየች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"አ ናት" አለ ብዕሩ።

"ያቺስ?"

"ቤ።"

"ቀስ በል፣ ልያት።"

ብዕሩም ቀስ አለ።

እናንተም ቤታችሁ የላላ ነገር ካለ፣ ማጥበቂያ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ምን እንዳላላው ጠይቁ። ያላላው የራሳችሁ ጭራ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ እባጩን ሳታኮርፉ ተቀበሉ።