ባዶ ያሳየችው ኮንሶል

የውቢትን አባት ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖ ነበር። ወንድሞቿ አባባ ከእንግዲህ የሉም፣ ቤታቸውን ሸጠን የሚበጀውን እኛው እንወስን አሉ። እሷም የኮምፒዩተር ክፍል ጡረተኛ ወደሆኑት ጎረቤቷ ወደ ጋሽ ተሰማ ሄዳ፣ አባቷ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው ቀርቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ተሰማ እንዲህ ሲሉ መለሱላት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ የዲስክ ሠራተኛ። የአንድ ከተማ ሕዝብ የልደቱ፣ የጋብቻው፣ የቤቱ መዝገብ ሜይንፍሬም በሚሉት ትልቅ ኮምፒዩተር ዲስኮች ላይ ነበር። የዚህ ሰው ሥራ ይኼኛው ለልደት፣ ያኛው ለጋብቻ እያለ ዲስኮቹን መደልደል ነው። የሚያዛቸውም ኮንሶል በምትባል ትንሽ ማሽን ነው። ዲስኮቹ ያሉበት ክፍል ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እምብዛም አይገባም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ኮንሶሏ ፊት ቁጭ ብሎ፣ እሷ ያለችውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ኖረ። ሰነፍ ነበር እንዳትዪ፤ ጎበዝ ነበር። ጎበዝም ይሳሳታል።

አንድ ማለዳ ኮንሶሏ ተቃጠለች። በቦታዋ አዲስ ተተከለች። ሰውዬው ሲከፍታት «የተደለደለ ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የከተማው ሕዝብ ስም በእኔ እጅ ጠፋ ብሎ አሰበ፤ የገዛ ልጆቹ ስም ጭምር። አለቃው ከኋላው ቆሟል። መቼም አለቃ ሲደነግጥ ትእዛዝ ይበዛዋል። የጠፋው ጠፍቷል፣ እንደ አዲስ ደልድለውና ከዛሬ ጀምረን እንመዘግባለን አለው። እንደ አዲስ መደልደል ማለት ደግሞ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ መጥረግ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኼ ሰው ቢያፈስ ኖሮ ግን የሚለቅመውም አልነበረ።

ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ነገር ግን በእነሱ ደንብ፣ አገልግሎት የቆመበት ሰዓት በደብተር ሳይሰፍር ቁልፉ አይነካም። ስለዚህ ታች መስኮት ላይ ለምትሠራዋ ጸሐፊ ደውሎ፣ ሥራ የቆመው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቃት።

«ኧረ ምን ቆሞ፤ ከጠዋት ጀምሮ አርባ የልደት ምስክር ወረቀት አትሜያለሁ» አለችው።

ሰውዬው ስልኩን ዘጋ። ዲስኩ ባዶ ከሆነ አርባው ሰው ከየት መጣ? ካፖርቱን ደርቦ ወደ ብርዱ ክፍል ገባ። የዲስኮቹ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሥራ ላይ ናቸው። ለካ አዲሷ ኮንሶል አላወቀቻቸውም እንጂ እነሱ ምንም አልሆኑም። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ደስ ብሎት ነው። ተመልሶም ማዘዙን ተወና፣ ማን ናችሁ፣ ምን ይዛችኋል ብላ ኮንሶሏ ዲስኮቹን እንድትጠይቅ አደረገ። አለቃው ሲንቆራጠጥ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ልደት መጣ፣ ጋብቻ መጣ፣ ቤት መጣ። አንድም አልጎደለ።

እዚህ ላይ ጋሽ ተሰማ ወደ ውቢት ዞሩ።

«አባትሽም እንዲሁ ናቸው፤ የተበላሸው የሚናገሩበት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከያዙት ጥቂት ጎድሎ ይሆናል። ግን ራስሽ ነግረሽኛል፤ የእናትሽ ስም ሲነሳ ዐይናቸው ይሞላል፣ የጠሉትን ሾርባ በእጃቸው ይገፋሉ። ባዶ ሰው ሾርባ አይመርጥም። ወንድሞችሽ የሚሉት ያንን እንደ አዲስ መደልደል ነው፤ ቤቱ አንዴ ከተሸጠ አይመለስም። ዛሬ አጠገባቸው ተቀመጪና ‹አባባ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ ከፈለጉ እጄን ይጨብጡኝ› በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። ቢዘገዩም አንቺ አትመልሺላቸው።»