የችሎት ቡት

ተረት ልንገራችሁ? «ይነገረን!» በሉ እንጂ! ጆሮ አላችሁ? አላችሁ። እግርስ? እሱም አላችሁ። ታዲያ እግራችሁን ምን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ምንም! እኔ ዛሬ ተናድጃለሁ። ተናድጄ ነው የምነግራችሁ፤ ያልተመቸው ተነሥቶ ይሂድ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ እንኳ አይደለም፤ የመኪና ጎማ አገራችን ገብቶ ሰው ከጎማ በረባሶ መቁረጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ እንስሳ ይናገር ነበር። ጫማም ይናገር ነበር። ዛሬ ዝም ያሉት ሰሚ ስላጡ ነው።

በዚያ ዘመን ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባል የላትም፣ በሬ የላትም፤ ያለቻት አንዲት አህያ ናት። ውሃ በአህያዋ፣ እንጨት በአህያዋ፣ ገበያ በአህያዋ። አንድ ቀን አያ ጅቦ ተነሣና «ይህች አህያ የእኔ ናት» አለ።

«በምን ሒሳብ?» አለችው ትርንጎ።

«እናቷ ለአባቴ ቃል ገብታለት ነበር። ልጄ ስታድግ የአንተ ናት ብላው ነበር።»

ይታያችሁ! አህያ ለጅብ ልጇን ስትሰጥ! ግን ክስ ክስ ነው፤ ነገሩ ዳኛው አንበሳ ዘንድ ደረሰ። አንበሳ አህያዋን አስመጥቶ ከችሎቱ ዋርካ ሥር አሰራት። ከዚያ እንዲህ ሲል አስነገረ፦ «በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ፣ ባለቤቷ መጥታ ትሟገት። ከቀረች አህያዋ የጅቦ ናት። ከዘገየችም የጅቦ ናት።»

ችሎቱ ያለው ተራራ አናት ላይ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ቆላ ነው፣ አሸዋ። አንድ ቀን ረግረግ ነው፣ ጭቃ። ከዚያ ግማሽ ቀን ቋጥኝ ነው፣ ዳገት።

አሁን የሚያናድደኝ ላይ ደረስኩ።

በትርንጎ መንደር አንድ ወግ ነበር። ለችሎት የሚሄድ ሰው በቀላል ጫማ አይሄድም። «ያዋርዳል» ይላሉ። ለዚህ ሲባል መንደሩ አንድ ጥንድ ቡት ነበረው፤ የችሎት ቡት ይሉታል። ቆዳው እንደ በር ወፍራም፣ ሶሉ በሚስማር የተጠቀጠቀ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት። የሚቀመጠው በሽማግሌው በአያ ታፈረ ቤት ነው። በየሳምንቱ በቅቤ ይታሻል። የአያ ታፈረ ልጆች ደረቅ እንጀራ ሲያኝኩ ቡቱ ቅቤ ይጠጣል! ሰማችሁ?

ትርንጎ በበረባሶዋ ልትነሣ ስትል አያ ታፈረ ቡቱን ታቅፈው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ አድርጊ።»

«አያ ታፈረ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ይከብዳል።»

«ክብር መች ቀሎ ያውቃል!»

«እግሬን ያፍነዋል።»

«ታዲያ በጎማ ቁራጭ ዳኛ ፊት ልትቆሚ ነው? ልታሰድቢን ነው? አድርጊ ብያለሁ!»

መንደርተኛው ሁሉ «አድርጊ! አድርጊ!» አለ። አደረገች። ምን ታድርግ?

ከመንደሩ ዳር ጫማ ሰፊው አባ ደጀን ይኖራሉ። ቆዳ የሚፍቅ ሰው ነው ተብለው ይናቃሉ፤ ሰርግ ላይ እንኳ በሩ ሥር ነው የሚቀመጡት። ትርንጎ ስታልፍ ቀና ብለው አዩዋት።

«ትርንጎ ልጄ፣ መንገድሽ በየት በኩል ነው?»

ልብ በሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን የጠየቋት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«በአሸዋው፣ በረግረጉ፣ ከዚያ በቋጥኙ» አለች።

አባ ደጀን ቤት ገብተው ከረጢት ይዘው ወጡ። «በረባሶሽን ጨምሪበት። እዚህ ውስጥ ያሉትን ሁለት ጥንድ ጫማዎችም ያዢ፤ ሦስቱ ተደምረው የዚያን ቡት አንዱን እግር አያክሉም። ስሚኝ ልጄ፤ እግር ላይ ያለ አንድ ነጥር ክብደት ጀርባ ላይ ካለ አምስት ነጥር ይከብዳል።»

ትርንጎ አመስግና ከረጢቱን ተሸከመች። ቡቱን ግን አላወለቀችም፤ አያ ታፈረ ከኋላዋ ቆመው እያዩ ነበራ!

አሸዋው ገና ረፋድ ላይ ጋለ። ቡቱ ውስጥ ሁለት እግሮች አሉ፤ ቀኝ እግር ቁጡ ነው፣ ግራ እግር ነገር መርማሪ ነው።

«ታፈንኩ!» አለ ቀኝ እግር። «እንፋሎት ፈጀኝ! ተረከዜ ውሃ ቋጠረ! ክፈቱልኝ!»

«ዝም በል፣ ባለጌ» አለ ቡቱ። «እኔ የክብር ጫማ ነኝ። ንፋስ አላስገባም።»

«ንፋስ ካላስገባህ ምንድን ነህ? ድስት ነህ?»

«ድስት አይደለሁም! ስንቱን የተከበረ ሰው ለችሎት ወስጃለሁ። ገብረየስን ወስጃለሁ። እማማ ስንዱን ወስጃለሁ። ላቀውንም ወስጃለሁ።»

ግራ እግር ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ገብረየስ ረታ?»

«ተረታ።»

«እማማ ስንዱስ?»

«ተረቱ።»

«ላቀውስ?»

«ተረታ። ግን በክብር ተረታ!»

«ለምን ተረቱ?»

«ዘግይተው ደርሰው ነዋ» አለ ቡቱ፣ ምንም ሳይመስለው።

ትርንጎ ቀጥ ብላ ቆመች። ገብረየስ በሬውን ተነጥቋል። እማማ ስንዱ የማር ቀፏቸውን ተነጥቀዋል። ላቀው መሬቱን ተነጥቆ አገር ጥሎ ሄዷል። መንደሩም አንድ ቀን እንኳ «ምን ነክቶን ነው?» አላለም። «ዕድላችን ነው» ይላል፤ ቡቱን ቅቤ ያጠጣል። ትርንጎ አሸዋው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«አንተ ቡት፣ ለመንደራችን ማን ሰጠህ?»

«አያ ጅቦ ናቸዋ! በስጦታ ነው የሰጡኝ። ሲሰጡኝም "የሚሄደውን ሁሉ አክብድልኝ" አሉኝ። አከብዳለሁ!»

ወይ ንዴት! ትርንጎ ሁለቱንም ከእግሯ መንጭቃ አወለቀች። «ውሻ! አንተም ውሻ፣ ሰጪህም ውሻ! ያደረግንህም ደነዞች ነን!» እያለች በአሸዋው ላይ ደበደበችው። ቡቱ አለቀሰ። ይልቀስ!

ግራውን ቡት ግራር ላይ ሰቀለችው። ቀኙን ግን ጀርባዋ ላይ አሰረችው። «አንተ ምስክር ነህ። ትሄዳለህ» አለችው። ከዚያ በረባሶዋን አደረገች። ንፋስ በጣቶቿ መካከል ገባ። ቀኝ እግር «እፎይ!» ብሎ መሳደቡን ለጊዜው ተወ። የጠፋውን ሰዓት ለመካስ እስከ ምሽት ስትሮጥ ዋለች።

በማግስቱ ረግረጉ ላይ ደረሰች። በረባሶውን ወዳው ነበርና ሳትቀይር ዘው ብላ ገባች። አንድ እርምጃ፣ ጭቃው ያዛት። ሁለት እርምጃ፣ ጭቃው ሳባት። በሦስተኛው የበረባሶው ማሰሪያ ተበጠሰና በግንባሯ ተደፋች።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ ያመጣሽኝ?» ብሎ በረባሶው ጮኸባት። «እኔ የደረቅ መሬት ነኝ! ትናንት ስላገለገልኩሽ ዛሬም ልትገድይኝ ነው?»

«ልክ ብሏል!» አለ ቀኝ እግር። «አንዱን ቡት ጥላ ሌላውን ልታመልክ!»

ትርንጎ ጭቃውን ከአፏ እየተፋች ከረጢቱን ፈታች። ኮንጎ ጫማ ወጣ፤ ያ ባለ ቀዳዳው ፕላስቲክ፣ ገበሬ ሁሉ የሚያደርገው።

«ውሃ አይገባህም?» አለችው።

«ይገባኛል እንጂ! ለምን እዋሻለሁ? በአንዱ ቀዳዳ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ያ ቡት ግን አንዴ ውሃ ከገባው እንደ እንስራ ይዞት ይዞራል። እኔን አንድ ጊዜ ታራግፊኛለሽ፣ ደረቅኩ!»

አደረገችው። ጭቃው ሳበ፤ ኮንጎው ሾልኮ ወጣ። ውሃው ገባ፤ ውሃው ወጣ። ቀኑ ሳይመሽ ረግረጉን ተሻገረች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቋጥኙ ፊቷ ተገተረ። ትርንጎ መውጣት ልትጀምር ብላ ቆመች። ጎንበስ ብላ እግሮቿን አየች። «እናንተ ምን ትላላችሁ?» አለቻቸው።

ከተወለዱ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቀኝ እግር፣ ያ ቁጡው፣ ሳይጮህ መለሰ።

«ኮንጎው ድንጋይ ላይ ያዳልጣል» አለ። «ቁርጭምጭሚቴንም የሚይዝልኝ የለም። የሚይዝ፣ የሚቆነጥጥ፣ የማይከብድ ቢኖር ግን... እወጣልሻለሁ።»

ከከረጢቱ የቀረው ሸራ ጫማ ነው። አንገቱ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ ሶሉ ጎርባጣ ጎማ ነው፣ ሸራው አየር ያስገባል። «ቁንጥጫ ከሆነ እኔ አለሁ!» አለ። ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገችና ወጣች። ፀሐይም ትወጣለች፣ እሷም ትወጣለች።

ችሎቱ ላይ አህያዋ ከዋርካው ታስራለች። አያ ጅቦ አጠገቧ ተቀምጦ የጎኗን ሥጋ በዓይኑ ይመትራል።

«አትመጣም» አለ ጅቦ።

«ትመጣለች» አለች አህያዋ።

ፀሐይ ከፍ አለች። «አትመጣም።» «ትመጣለች።» ፀሐይ ደግሞ ከፍ አለች። «ከዚያ መንደር ማን በሰዓቱ ደርሶ ያውቃል? አትመጣም!»

አሁን አህያዋ መንገዱን ለማየት ገመዷን ጎተተች። አንበሳ ሊፈርድ ጎፈሩን አራገፈ። ይኼኔ ከገደሉ አፋፍ «ደርሻለሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ትርንጎ ናት! ላብ በላብ ሆናለች፤ ግን ደርሳለች።

አያ ጅቦ ፊቷን አላየም። መጀመሪያ ያየው እግሯን ነው። «ቡቱስ?» አለ፣ ሳያስበው።

አንበሳ ጆሮውን አቆመ። «የምን ቡት?»

«ምንም፣ ጌታዬ፣ ምንም...»

«ይሄ ቡት!» አለች ትርንጎና ከጀርባዋ ፈትታ መሐል ላይ ወረወረችው። «ጌታዬ፣ ይህ ነው በየቀጠሮው የሚያዘገየን! ገብረየስን ያስረታው ይህ ነው! እማማ ስንዱን ያስረታው ይህ ነው! ላቀውን አገር ያስጣለው ይህ ነው! ማን እንደሰጠን እሱን ይጠይቁት!»

አንበሳ ቡቱን ጠየቀው። ቡት ደደብ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። «አያ ጅቦ ናቸው የሰጡኝ። "የሚሄደውን ሁሉ አክብድልኝ፣ የዘገየ ሁሉ ለእኔ ነው" ብለውኛል» አለ።

«ስጦታ ነው ጌታዬ!» አለ ጅቦ። «ለክብራቸው ብዬ ነው! ክብር መስጠት ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለ አንበሳ። «የአህያዋ እናት ለገባችው ቃል ምስክር አለህ?»

«አባቴ ነበር፣ ግን ሞቷል።»

«እንግዲያው አህያዋ የትርንጎ ናት። የገብረየስን በሬ፣ የስንዱን ቀፎ፣ የላቀውንም መሬት ትመልሳለህ። ክብሩን ግን ለራስህ እንዳታጣ። አድርገው!»

«ጌታዬ፣ አንድ እግር ብቻ ነው ያለው!»

«አድርገው አልኩህ!»

አያ ጅቦ አንዱን ቡት በአንድ የኋላ እግሩ አድርጎ፣ ከተራራው እየጎተተ ወረደ። ኋላ ላይ ቡቱን ገደል ጣለው ይባላል፤ ማንከሱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ስትሉ እያስመሰለ ይመስላችኋል። የምን ማስመሰል! የሠራው ሥራ ነው።

ትርንጎ የአህያዋን ገመድ ፈታች። አህያዋ ግን «ደስ አለኝ» አላለቻትም። «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብላ ጮኸችባት። «ጅብ ጎኔን በዓይኑ ሲበላ! ልቤ ሊቆም!»

«የሰው ነገር ሰምቼ ነው» አለች ትርንጎ፤ አንገቷን አቅፋም አለቀሰች። ንዴቷ የወጣው ያኔ ነው።

አለቀ ብላችሁ ነው? አላለቀም።

መንደር ሲገቡ ሰው ሁሉ ወጣ። «ረታሽ?» አሏት። «ረታሁ። የገብረየስም በሬ ይመለሳል» አለች። እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ታፈረ እግሯን አዩ።

«የችሎቱ ቡትስ?»

«አንዱ ግራር ላይ፣ አንዱ ጅቦ እግር ላይ።»

«ጠፋን!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። «ክብራችንን ጣለችው! ቅቤ ያጠጣነውን ቡት!» ትርንጎ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጅቦ መስጠቱን፣ ቡቱ መመስከሩን። አያ ታፈረ ሰምተው ሰምተው «ቢሆንም» አሉ። «ቢሆንም ከባድ ቡት ነበር።» በማግስቱ መንደሩን ሰብስበው ሌላ ቡት የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች መረጡ። ከበፊቱ የሚከብድ! ደግሞ አገኙ!

ለዚህ ነው የተናደድኩት!

ግን ከዚያ ወዲህ ለችሎት የተጠራ ሰው ሁሉ በአያ ታፈረ ፊት «እሺ፣ ቡቱን አደርጋለሁ» ይልና በጓሮ ዞሮ አባ ደጀን ቤት ይገባል። አባ ደጀንም ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «መንገድህ በየት በኩል ነው?» ብለው ይጠይቁታል። በሰርግ ግን አሁንም የሚያስቀምጧቸው በሩ ሥር ነው።

እንግዲህ፣ ጫማህን ለሚያይህ ሰው ሳይሆን ለምትሄድበት መንገድ ምረጥ፤ ክብር ብሎ እግርህን የሚያስርህን ደግሞ ዘወር በልና እየው፣ ከጀርባው ጅብ አለ።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ ዳቦውን ተዉት። እግራችሁን ዘርጉና ያደረጋችሁትን አሳዩኝ!