ዛሬ አያመሽም

«ቲቸር፣ ጩኸቱን ቀንሶ ንግግሩን የሚያስቀረው የድምፅ ማጣሪያ ሰው መናገር ሲጀምር ለምን መማሩን ያቆማል? ሁልጊዜ ቢማር አይሻልም?» አለች ወይንሸት።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና እንዲህ አላት።

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበረ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ወፍጮውን የሚያስኬድለት ታናሽ ወንድሙ ነው። ባለቤቱ ራሱ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። ሞተሩ ሲነሳ የሰው ንግግር ሁሉ ይዋጥበታል። ሴቶቹ እህል ይዘው ይመጣሉ፣ ወንድሙ ያነጋግራቸዋል፣ እሱ የሚሰማው ግን ዱግ ዱግ ብቻ ነው። «ስለ እኔ ካልሆነ ስለ ማን ያወራሉ? ይሄ ልጅ ወፍጮዬን ሊነጥቀኝ ነው» አለ በልቡ።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። መዳፉን ሞተሩ ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈ። መዳፉ የሞተሩን ንዝረት ብቻ ይቀበላል፤ ጆሮው ሞተሩንና ሰውን ቀላቅሎ ይሰማል። መዳፉ የነገረውን፣ ጆሮው ከሰማው ላይ ይቀንሳል። መጀመሪያ አልሆነለትም። ዱግታ ከቀረ ትንሽ ጨምሮ ይቀንሳል፤ ከልክ ካለፈ ትንሽ ይመልሳል። ከጤፍ ወደ በቆሎ ሲዞሩ ሞተሩ ያቃስታል፤ እሱም እንደገና ያስተካክላል። በወሩ ሴቶቹ አማቶቻቸውን የሚያሙትን ሳይቀር ለቃቀመ። ስለ እሱ ግን አንድም ቃል የለም። ይህ ይበልጥ አስጠረጠረው። «ተጠንቅቀውብኛል» አለ።

ሰው ሲናገርም ማስተካከሉን አላቆመም። በዚያው ሰሞን ወንድሙ ያንኑ ግድግዳ ተደግፎ ጠዋት ጠዋት ይጮህለት ጀመር፦ «ጋሼ፣ ቺንጋው ተሰንጥቋል! አዲስ እናስመጣ!» ቺንጋው ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ ጋር የሚያያይዘው ረጅም ቀበቶ ነው። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ሰማ። «ወፍጮውን አስቁሞ ደንበኞቼን ሊያሸሽብኝ ነው» ብሎ እንዳልሰማ አለፈው። ከዚያ በኋላ ግን ያው ድምፅ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ግድግዳ ሆነበት። መዳፉ በግድግዳው በኩል የሚመጣውን የወንድሙንም ድምፅ ለመደ፤ ጆሮውም ከዱግታው ጋር አብሮ ይቀንሰው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሙ እዚያ ቆሞ ሲጮህ ለእሱ ጸጥታ ነበር።

አንድ ቀን ከወዲያኛው ጥግ ሹክሹክታ ሰማ። ወንድሙ ለአንዲት አስፈጪ ሴት ነው የሚናገረው።

«እትዬ፣ ወደዚህ ፈቀቅ በይ። እሱ እንደሁ ዛሬ አያመሽም።»

«የእኔ ሽሮ እስኪያልቅ ይቆይ በለው!» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

ሰውየው ይህን ስለ ራሱ አደረገው። «ይኸው፣ ሊገድሉኝ ነው» አለ በልቡ። ዱላውን ይዞ ተነሳና መዳፉን ከግድግዳው ሳያነሳ ድምፁ ወደመጣበት በቀጥታ ሄደ። መንገዱ በቺንጋው በኩል ነው። ወንድሙ ወደ ግድግዳው እየሮጠ «ጋሼ! ጋሼ! ቁም!» አለ። ያንን ጩኸት ግን የሰውየው ጆሮ ከጣለው ቆይቷል። አልቆመም። ወንድሙ ደርሶ ገፈተረው። በዚያው ቅጽበት ቺንጋው እንደ ጅራፍ ጮኾ ተበጠሰ።

ወንድሙ ሞተሩን አጥፍቶ ተመለሰ።

«አያመሽም ያልከው ማንን ነው?» አለ ሰውየው፣ ከወደቀበት ዱቄት ላይ ሳይነሳ።

«ቺንጋውን ነዋ፣ ጋሼ። ሃያ ቀን ሙሉ ጮኼ ነገርኩህ እኮ።»

ሰውየው በእጁ የወንድሙን ክንድ ፈለገ። ቺንጋው የገረፈው ክንድ በደም ርሶ ነበር። ዱቄቱም በመዳፉ ላይ ሊጥ ሆነ።

መምህሩ ወደ ወይንሸት ዞረ።

«አየሽ፣ ሰውየው ማጣሪያው ነው። መማሩ አልነበረም ጥፋቱ። ሰው ሁሉ ዝም ሲል የሞተሩን ጩኸት ይማር፤ ሰው ሲናገር ግን የተማረውን እንደያዘ ይስማ። ሰው እየተናገረም የሚማር ማጣሪያ፣ ውሎ አድሮ ተናጋሪውን ራሱን ጩኸት ነው ብሎ ይጥለዋል። አንቺ ሁልጊዜ ቢማር አይሻልም ወይ አልሽኝ። ወንድሙ ሲናገር ማስተካከሉን ለጊዜው ማቆም ብቻ ነበር የሚበቃው።»