ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

ምላሷ ከምላጭ የሰላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። በየማለዳው የሥራ አስኪያጁን የአቶ ልሳነወርቅን ቢሮ ታጸዳለች። ጠረጴዛቸው ላይ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒዩተር አለ። ዳንቴሉን ገልጣ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ስለሆነች፣ ኪቦርዱ ከነላስቲኩ መሆኑን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን አቶ ልሳነወርቅ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰቡና ደረታቸውን ነፍተው፣ "ዘመኑ የኮምፒዩተር ነው! ያልገባችሁን እኔን ጠይቁኝ" አሉ።

የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ እጇን አወጣች። "ኮምፒዩተር በቫይረስ እንዳይጠቃ ምን ይደረጋል?"

አቶ ልሳነወርቅን ሳል ሳል አላቸው። ዓይናቸው ሲንከራተት ቆይቶ በሩ አጠገብ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ላይ አረፈ።

"ይሄማ የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ የምትመልሰው ነው! እስቲ አንቺ መልሺ። ካላወቅሽ ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት እንጀራ የለሽም!"

እሷም መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ እጅ ነሥታ መለሰች።

"ጌታዬ፣ እንደ እርስዎ ዳንቴል አልብሶ ማስቀመጥ ነው። ከተገዛ ጀምሮ የኪቦርዱ ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ፣ ቫይረሱ በየት በኩል ይገባል?"