ዘበኛ የተደረገው ቦት ጫማ

ዘበኛ ማለት ሌላው ተረጋግቶ እንዲተኛ እሱ ሳይተኛ የሚያድር ሰው ነው። ባለጸጋው አቶ ጌታመሳይ ግን ዘበኛ የግድ ሰው መሆን አለበት የሚለውን ማመን ትተዋል። በቲክቶክ ያዩት ቪዲዮ፣ በር ላይ ትልቅ የወንድ ቦት ጫማ ከተቀመጠ ሌባ «ውስጥ ግዙፍ ሰው አለ» ብሎ ይሸሻል ይላል። ስለዚህ አርባ አምስት ቁጥር ቦት ገዝተው ከውጭ በር ላይ አቆሙና ዘበኛቸውን ጠሩ።

«ከእንግዲህ በሩን የሚጠብቀው ይህ ነው። ዛሬን ቁጭ ብለህ እየው፤ ነገ ትሰናበታለህ። ብቻ በሥራው ጣልቃ እንዳትገባ!»

ዘበኛው ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

ከምሳ በኋላ አቶ ጌታመሳይ ብቅ ሲሉ ቦቱ የለም፤ በቦታው ያለቀ ነጠላ ጫማ ቆሟል።

«አንተ ሰው! ቦቴስ?»

«አንድ ጎረምሳ መጥቶ ነጠላውን አወለቀና ቦቱን አጥልቆ ሄደ።»

«ዓይንህ እያየ? ታዲያ ለምን ሌባ ብለህ አልጮህክም? ደህና መልስ ከሌለህ ነገን አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ውጣልኝ!»

ዘበኛው ብድግ ብሎ ቆቡን አወለቀ።

«ጣልቃ አትግባ ብለውኝ የለ ጌታዬ! ደግሞ ቦቱ የልጁን ሁለት እግር ጥርቅም አድርጎ ይዞ ሲሄድ ሳየው፣ ሌባ ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚወስድ መስሎኝ ነው። ‹ጎበዝ!› ብዬም አጨበጨብኩለት።»

አቶ ጌታመሳይ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር።

ዘበኛው ዛሬም ሥራው ላይ ነው። ቦቱ ከጣቢያ አልተመለሰም።